የተማሪ ቪዛ ተከልክለው እንደገና ማመልከት ለሚፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ በምሠራበት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተማሪዎችና ወላጆች የእምቢታ ደብዳቤ ይዘው እየመጡ ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የተሰበሰበ ነው፤ ከቀላሉ ይጀምራል።

ቪዛ ተከለከልኩ። እንደገና ማመልከት ይፈቀድልኛል?

ይፈቀዳል። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝም ሆነች ጀርመን አንዴ የተከለከለ ተማሪ ዳግመኛ እንዳያመለክት አይከለክሉም፤ ስንት ጊዜ ማመልከት እንደሚቻልም ቁጥር አላስቀመጡም። ለዓመታት የሚያግደው ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ወይም እውነቱን መደበቅ ነው።

ብዙዎች «ስሜ ጥቁር መዝገብ ላይ ገባ» ብለው ፊታቸው ጠቁሮ ይመጣሉ። ተራ እምቢታ እንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ አያስገባም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ማመልከቻ አይጠፋም። ሁለተኛውን የሚመረምረው ሰው የመጀመሪያውን ከፍቶ ጎን ለጎን ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ፋይል ከመጀመሪያው ጋር የማይጣላ፣ ግን ከእሱ የተሻለ መሆን አለበት።

ስንት ወር ልጠብቅ?

በአብዛኛው የግድ የሚጠበቅ ጊዜ የለም። ለአሜሪካ ቪዛ ዛሬ የተከለከለ ሰው ከፍሎ ቀጠሮ ካገኘ በሚቀጥለው ሳምንት መቅረብ ይችላል። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ካለፈው ማመልከቻዎ ወዲህ ምን ተለወጠ? መልሱ «ምንም» ከሆነ ገንዘብዎን አይክፈሉ።

አንዲት ልጅ ለካናዳ ተከልክላ በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ፋይል መልሳ ላከች። የመጣላትን ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጋር ጠረጴዛ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን አየነው። ከቀኑና ከማመልከቻ ቁጥሩ በቀር አንድ ቃል አልተለወጠም ነበር። የሚጠበቀው ጊዜ የሚለካው ለእምቢታው ምክንያት ምላሽ የሚሆነው ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ በሚወስደው ጊዜ ነው። ለአንዱ አሥር ቀን ይበቃዋል፣ ለሌላው አንድ ዓመት።

የተከለከልኩበትን ትክክለኛ ምክንያት እንዴት አውቃለሁ?

ደብዳቤውን በማንበብ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ «ተከልክለዋል» የሚለውን መስመር አይተው የቀረውን አላነበቡትም። የአሜሪካ ኤምባሲ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የሕግ ቁጥር አለ። 214 ቢ ከሆነ፣ ሕጉ ማንኛውም አመልካች ሌላ ነገር እስኪያሳይ ድረስ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ስለሚገምት፣ ተማሪው ግምቱን ሊያፈርሰው አልቻለም ማለት ነው። 221 ጂ ከሆነ ግን ጉዳዩ ገና አልተቋጨም፤ ሰነድ ጎድሏል ወይም ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል ማለት ነው። የጎደለውን ለማቅረብ አንድ ዓመት አለዎት፣ ሌላ ክፍያም አይጠየቁም። 221 ጂ ተሰጥቶት «ተከለከልኩ» ብሎ በማዘን አዲስ ፎርም ሞልቶ እንደገና ሊከፍል የመጣ ልጅ አጋጥሞኛል። የተጠየቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

ካናዳ የምትልከው ደብዳቤ ምክንያቶቹን በአጭሩ ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ «የጉዞዎ ዓላማ»፣ «የገንዘብ አቅምዎ»፣ «በአገርዎ ያለዎት ትስስር»። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የመርማሪውን ማስታወሻ ከደብዳቤው ጋር ማያያዝ ተጀምሯል፤ ተያይዞ ከመጣልዎ ከደብዳቤው በፊት እሱን ያንብቡ። ካልመጣልዎ በመረጃ ነፃነት ሕጋቸው መሠረት በ5 የካናዳ ዶላር መጠየቅ ይቻላል። ጠያቂው ግን የካናዳ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ ወይም እዚያው አገር ያለ ሰው መሆን ስላለበት፣ የስምምነት ፎርም ፈርመው ካናዳ ባለ ዘመድ በኩል ያስጠይቁ። እንግሊዝና ጀርመን ምክንያቱን በደብዳቤው ላይ ይጽፋሉ።

እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ እርሳስ እሰጠዋለሁ። በእያንዳንዱ ምክንያት ጎን ይህን የሚመልስ ሰነድ የትኛው እንደሆነ ይጽፋል። ባዶ የቀረው መስመር የሚቀጥለው ወር ሥራው ነው።

የከፈልኩት ይመለስልኛል? እንደገና የምከፍለውስ የትኛውን ነው?

የማመልከቻ ክፍያ አይመለስም። ይሁን እንጂ ሁሉንም ከመጀመሪያው መክፈል አያስፈልግም፤ ይህን ባለማወቅ በከንቱ የሚከፈለው ብር ያሳዝናል። ለአሜሪካ ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም እንደ አዲስ ይሞላል፣ 185 ዶላሩ የማመልከቻ ክፍያም እንደገና ይከፈላል። 350 ዶላሩ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያ ግን ከተከለከሉበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ካመለከቱ ይቆጠርልዎታል። ዩኒቨርሲቲ ቀይረው አዲስ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው ፎርም) ቢያመጡም እንኳ ክፍያው ወደ አዲሱ ቁጥር እንዲዛወር መጠየቅ ይችላሉ። ደረሰኙን አይጣሉት።

ካናዳ ለትምህርት ፈቃዱ 150 የካናዳ ዶላር እንደገና ትጠይቃለች። አሻራዎ ግን ለ10 ዓመት ስለሚያገለግል 85 የካናዳ ዶላሩን የአሻራ ክፍያም፣ አዲስ አበባ ተመላልሶ አሻራ መስጠቱንም ይተርፋሉ። እንግሊዝ አስቀድመው የከፈሉትን የጤና አገልግሎት ክፍያ ትመልሳለች፤ የቪዛውን ክፍያ አትመልስም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀቱ ለ6 ወር ስለሚያገለግል ቀኑ ካላለፈ በዚያው ያመልክቱ። ለጀርመን 75 ዩሮው እንደገና ይከፈላል፤ በዝግ ሂሳብ (ለኑሮ ወጪ አስቀድሞ ተቀምጦ በየወሩ በሚለቀቀው ሂሳብ) ያስቀመጡት ገንዘብ ግን የእርስዎ ነው።

ይግባኝ ልበል ወይስ እንደ አዲስ ላመልክት?

የአሜሪካው 214 ቢ ይግባኝ የለውም፤ መንገዱ እንደ አዲስ ማመልከት ብቻ ነው። እንግሊዝ ከአገር ውጭ ላለ አመልካች በ28 ቀን ውስጥ የአስተዳደር ግምገማ እንዲጠይቅ ትፈቅዳለች። እሱም መርማሪው ስህተት ሠርቷል ለማለት እንጂ የጎደለ ወረቀት ለማሟላት አይደለም። ጀርመን ቀድሞ በደብዳቤ ብቻ አቤት የሚባልበት አሠራር ነበራት፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የቀረው በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም እንደገና ማመልከት ነው። ካናዳ ከውጭ ለተከለከለ ሰው ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሄድበት 60 ቀን ይሰጣል። ቢረቱም ፍርድ ቤቱ ቪዛ አይሰጥም፤ ፋይሉ ለሌላ መርማሪ ይመለሳል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ወረቀትዎ ሙሉ ሆኖ ሳለ መርማሪው ሳያየው ማለፉን ከማስታወሻው ላይ በጣትዎ ማሳየት ከቻሉ ግምገማ ይጠይቁ። «በደሉኝ» የሚል ስሜት ብቻ ከሆነ ያለዎት፣ ለጠበቃ የሚከፍሉትን ፋይልዎን ለማጠናከር ያውሉት።

ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ ቦታስ? ስኮላርሺፑስ?

በተከለከሉበት ዕለት፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ለዩኒቨርሲቲው ይጻፉ። ያፈረ ተማሪ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ተማሪ ቦታውን ያጣል። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ምዝገባዬን ወደሚቀጥለው መንፈቅ ታሸጋግሩልኛላችሁ? የትምህርት ዕርዳታውስ አብሮ ይሸጋገራል? ሁለተኛው ጥያቄ ይረሳል። ቦታው ተሸጋግሮ ዕርዳታው የቀረበት ተማሪ ለቪዛው ያቀረበው የገንዘብ ስሌት ይፈርስበታል።

ለአሜሪካ ቀኑ የተስተካከለ አይ-20 ያስፈልግዎታል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲው እንደተቀበለዎት ለማረጋገጥ የሚልከው የካስ ቁጥር ለአንድ ማመልከቻ ብቻ ስለሚያገለግል አዲስ መጠየቅ ግዴታ ነው። ለካናዳ የመቀበያ ደብዳቤው ቀን ማለፉን ይመልከቱ። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክቱ ከሆነም እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው፣ የሚማሩበት የካናዳ ግዛት የሚሰጠው የግዛት ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚያገለግልበት ጊዜ እንዳላበቃ ያረጋግጡ።

«ትምህርትዎን ሲጨርሱ ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ አላመንንም» ተባልኩ። የ20 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቤት የለኝ፣ መኪና የለኝ፣ ምን ላሳይ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀውና ከሁሉም በላይ በስህተት የሚመለሰው ይህ ነው። ሰዎች የአባትን የቤት ካርታ፣ የአጎትን የንግድ ፈቃድ፣ የአክስትን የመኪና ሊብሬ ይደራርባሉ። የቤተሰብ ንብረት ጉዳት የለውም፤ ግን ስለ ልጁ የሚናገረው ጥቂት ነው። መርማሪው ማወቅ የሚፈልገው ይህ ልጅ ይህን ትምህርት ለምን፣ ለምን በዚህ ዋጋ፣ ተመልሶስ የት ይሠራበታል የሚለውን ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። የኢንዱስትሪ ምህንድስና ሊማር የጠየቀ ልጅ የመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ «ተምሬ ተመልሼ ውድ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብሎ ነበር። ልቡ እውነት ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ይጽፈዋል። አብረን ተቀምጠን ስንነጋገር እህቱ በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መስመር ላይ እንደሠራች ነገረኝ። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከመላክ ዕድል) ስትወጣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ እህቱም ከሥራ ወጣች። ልጁ እሷ ከምትሠራበት መስመር ላይ ጨርቅ የሚባክነው የት የት እንደሆነ ከአፏ ሰምቶ በደብተሩ ጽፎ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤ ከዚያ ደብተር ተነሣ። የትኛው የትምህርት ዓይነት የትኛውን ችግር እንደሚመለከት፣ ሲመለስ ምን ዓይነት የሥራ መደብ እንደሚጠይቅ ጻፈ። «ውድ አገሬ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልነበረበትም፤ አገሩ ግን ከላይ እስከ ታች ነበረች።

ትምህርቱ ከቀደመው ትምህርትዎ ጋር ካልተያያዘም ይህንኑ በግልጽ ያስረዱ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ነርስነት ሊማር የሚሄድ ሰው ምክንያቱን ካልጻፈ መርማሪው ራሱ ምክንያት ይፈልግለታል። የሚያገኘውም ለአመልካቹ የሚበጅ አይሆንም።

በባንክ በቂ ብር አሳይቼ ነበር። በገንዘብ ምክንያት የተከለከልኩት ለምንድን ነው?

መጠኑን ካሟሉ በኋላ ጥያቄው ብሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ የሞላው ሂሳብ ስቴትመንቱ ላይ ወዲያው ይታያል። ለወራት 8 ሺህና 12 ሺህ ብር ሲገባና ሲወጣ ቆይቶ ድንገት በአንድ ቀን 2 ሚሊዮን። እንግሊዝ ገንዘቡ 28 ተከታታይ ቀናት ሳይነካ እንዲቆይ ትጠይቃለች፤ ሌሎቹ የወራት እንቅስቃሴ ማየት ይፈልጋሉ።

እኛ አካባቢ ግን ድንገት የገባ ብር ሁሉ የብድር አይደለም። የሲዳማ ቡና አምራች ገቢው የሚገባው በመኸር ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ዝም ይላል። የውጭ አገር መርማሪ ይህን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅም። ስለዚህ ይንገሩት። አባትዎ ቀይ ቡና ያስረከቡባቸውን ደረሰኞች፣ ከማኅበሩ ወይም ከአቅራቢው የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የባንክ መግለጫ አያይዘው በየዓመቱ በዚያው ወቅት ገንዘብ እንደሚገባ ያሳዩ። የእቁብ ዕጣም እንዲሁ ነው። የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የፈረሙበት፣ በየሳምንቱ ስንት እንደተጣለና ዕጣው መቼ እንደወጣ የሚገልጽ ወረቀት ተተርጉሞ ይያያዝ። መሬት ወይም ቤት ከተሸጠም ውሉ ይቅረብ።

ሌላው የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ የነበረ ፋይል ብሩ ሳይቀንስ ገንዘቡ በግማሽ ቀነሰ። የሚጠየቀውም መጠን እየጨመረ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከኩቤክ ውጭ ለሚማር አንድ ተማሪ ከትምህርት ክፍያና ከትራንስፖርት ሌላ 22,895 የካናዳ ዶላር ትጠይቃለች፤ የጀርመን ዝግ ሂሳብ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ስሌቱን በማመልከቻው ሳምንት ባለው ምንዛሪ ይሥሩት፣ ትርፍም ያስቀምጡበት።

ስሜና የትውልድ ቀኔ በየወረቀቱ የተለያየ ነው። ይህ ሊያስከለክል ይችላል?

ብቻውን ላያስከለክል ይችላል፤ ሌላ ጥርጣሬ ካለ ግን እሳቱን ያራግባል። ትራንስክሪፕቱ ላይ የአባት ስም በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ይገኛል። የከተማችን ስም ራሱ በአሮጌ የትምህርት ቤት ማኅተም ላይ «አዋሳ» ነው፣ በአዲሱ «ሀዋሳ»። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማያውቅ ሰው ሁለት ከተማ ናቸው። ሁሉንም ወረቀት በፓስፖርቱ አጻጻፍ ያስተካክሉ። ሊስተካከል የማይችለውን ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሚመለከተው ቢሮ «የአንድ ሰው ስም ነው» በሚል ደብዳቤ ይደግፉት።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የባሰ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያኑ ጥር 3 ቀን 2006 ነው የተወለደው። ሰባት ብቻ ደምሮ 2005 ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። ከታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት እስከ ጳጉሜን የሚደመረው ስምንት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግን ሰባት። የልደት የምስክር ወረቀትዎን፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬትዎንና ፓስፖርትዎን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀኖቹን ራሳችሁ፣ አንድ ሁለተኛ ሰውም ጨምራችሁ፣ አንብቡ።

ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ይህን ክፍተት እንዴት ላስረዳ?

በቀን በቀኑ፣ ሳይሸሹ። መርማሪው ክፍተቱን ሳይሆን ዝምታውን ይጠረጥራል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናቸውን የወሰዱት ዓመቱ ተሻግሮ በ2015 ነው፤ ውጤቱ የመጣው በጥር ወር ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ዓመት ለማን እንዴት እንዳለፈ እኛ እናውቃለን። የመቁረጫ ነጥቡን ስላላመጡ በማካካሻ ትምህርት ካለፉ፣ ያንን የሚገልጽ ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው ያምጡ። ሱቅ ከረዱ፣ የቤተሰብ እርሻ ላይ ከሠሩ፣ የታመመ ሰው ካስታመሙ ይጻፉት፣ የሚያረጋግጥ ሰው ይፈርምበት።

ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ብል ይሻላል?

የሚሸመደድ መልስ የለም፤ ሸምድዶ የቀረበ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲጣመም ይጠፋበታል። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በእርግጠኝነት ሊጠየቁ የሚችሉት «ከባለፈው ወዲህ ምን ተለወጠ?» የሚለው ስለሆነ ለእሱ አጭርና እውነተኛ መልስ ይኑርዎት። «አባቴ የከፈሉትን የሚያሳይ ደረሰኝ አሁን ይዣለሁ፣ ዩኒቨርሲቲውም ግማሽ ክፍያውን ሸፍኖልኛል» ይበቃል። ቃለ መጠይቁ በጣም አጭር ሊሆን ስለሚችል ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይውጣ። ባለፈው ዲኤስ-160 የሞሉትንም ቅጂ ያንብቡ፤ ያኔ «አሜሪካ ዘመድ የለኝም» ብለው አሁን አጎት ቢጠቅሱ ችግሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ወዲህ የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ስለሚጠየቁ፣ እዚያ የተጻፈውና ፎርሙ ላይ የተጻፈው ይስማማ።

ከሀዋሳ ለሚሄድ አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው፤ 8፡00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት ጠዋት ዘመድ ቤት ቁርስ ሲበላ ቀጠሮው ያለፈበት ልጅ እናቱ ናት የነገረችኝ፣ እያለቀሰች። 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋዜማው ይግቡ፣ አድረው ይቅረቡ።

ቀድሞ መከልከሌን መናገር አለብኝ? ሌላ አገር ባመለክትስ ያውቁብኛል?

አዎ፣ ይናገሩ። የአሜሪካው ፎርም ቀድሞ የአሜሪካ ቪዛ ተከልክለው እንደሆነ ይጠይቃል። የካናዳና የእንግሊዝ ፎርሞች የማንኛውንም አገር እምቢታ ይጠይቃሉ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የአመልካቾችን አሻራና መረጃ የሚለዋወጡበት ስምምነት አላቸው፤ በአንዱ አገር የሰጡት አሻራ በሌላው ሊታይ ይችላል።

እምቢታን በሐቅ የጻፈ ሰው «አዎ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት፤ አሁን ይህን አሟልቻለሁ» ብሎ ያልፋል። የደበቀ ሰው ግን በተራ ምክንያት የተከለከለው ሳያንሰው በውሸት ይከለከላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይከፋል።

ፎርሜን የሞላልኝ ኤጀንሲ ሐሰተኛ የባንክ ወረቀት አስገብቶ እንደነበር አሁን አወቅኩ። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝም። የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፤ «ደላላው ነው» የሚለው ምክንያት በአብዛኛው ሰሚ አያገኝም። ካናዳ ሐሰተኛ መረጃ ላቀረበ ሰው አምስት ዓመት ትዘጋለች። እንግሊዝ እስከ አሥር ዓመት። በአሜሪካ ሕግ ክልከላው የዕድሜ ልክ ነው፤ የሚነሣው በልዩ ፈቃድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የእምቢታ ደብዳቤውን ይመልከቱ፤ ማጭበርበር ወይም ሐሰተኛ መረጃ የሚል ቃል ወይም ስለዚህ የሚናገር የሕግ ቁጥር አለበት? ካለ፣ እገዳው ሳያበቃ እንደገና ማመልከት ገንዘብ መጣል ነው፤ የዚያን አገር የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ። ከሌለ፣ ኤጀንሲው ያስገባውን ሙሉ ፋይል ቅጂ፣ የተከፈተልዎትን የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ጭምር፣ ይቀበሉት። አልሰጥም ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ የቀድሞው ወረቀት ትክክል እንዳልነበረ፣ እንዴት እንደገባና እውነተኛው የትኛው እንደሆነ በራስዎ ቃል ጽፈው ያያይዙ። ይህ የሚያስፈራ እርምጃ ስለሆነ ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ቢያየው ጥሩ ነው። ዝም ብሎ በአዲስ የባንክ ወረቀት መተካት ግን ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ይጋለጣል።

ለወላጆች አንድ ነገር እለምናለሁ። «ቪዛው የተረጋገጠ ነው፣ ከወጣ በኋላ ትከፍላላችሁ» የሚል ሰው ቢሮው የቱንም ያህል ቢያምር ልጃችሁን አትስጡት። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ብቻ ነው።

ሦስት ጊዜ ተከልክያለሁ። አባቴ ለአራተኛው መሬት እንሽጥ ይላል። ምን ትመክረኛለህ?

ሦስቱን ደብዳቤዎች ይዘው ይቀመጡ። ምክንያቱ በየጊዜው ከተለወጠ እየቀረቡ ነው፤ አንዱን ሲዘጉ ሌላው ታይቷል ማለት ነው፣ አራተኛው ሊሳካ ይችላል። ሦስቱም ያንኑ የሚሉ ከሆነና ያ ምክንያት በዚህ ዓመት ሊለወጥ የማይችል ከሆነ ግን መሬቱ ቢሸጥም አይለወጥም። ከመሬት ሽያጭ የተገኘ ብር ገንዘብ አነሰ ለተባለ መልስ ይሆናል፤ አይመለስም ለተባለ ልጅ መልስ አይሆንም። እንዲያውም ቤተሰቡ መሬቱን ሸጦ ልጁን የሚልክ ከሆነ፣ መርማሪው «ታዲያ ወደ ምን ይመለሳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ሦስቴ ለተከለከለ ልጅ እኔ የምመክረው እዚሁ እንዲጀምር ነው። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሌላ ቦታ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው ፋይሉ ሌላ ነው። የተማረበት የታወቀ ነው፣ የሥራ ደብዳቤ አለው፣ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ስኮላርሺፖችም ከመጀመሪያ ዲግሪ ይልቅ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ይበዛሉ። ይህን ያልኳቸው አንድ አባት ከይርጋለም አካባቢ የመጡ ነበሩ፤ የመሬቱን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው ለኮፒ አምጥተውት ነበር። ከልጃቸው ጋር በሲዳምኛ ጥቂት ተነጋገሩና ወረቀቱን ሳያስኮፒ መልሰው ጠቀለሉት። ልጁ አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ሊያሳትም መጥቶ ነበር።